አብሮ መዋጋት አብሮ መኖር አይደለም

የመካከለኛው ዘመን ስፔንና ሰሜን አፍሪካ ታሪክ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን ‹‹ክርስቲያንና ሙስሊም ለዘመናት የተፋጁበት ምድር ነው›› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹‹ሃይማኖቶች ተቻችለው የኖሩበት ወርቃማ ዘመን ነበር›› ይላል። ሁለቱም የዘነጉት አንድ ሰው አለ፤ ለሌላ እምነት ንጉሥ የሚዋጋውን ወታደር።

ሮድሪጎ ዲያዝን እንመልከት። ስፔን የክርስትና ጀግና አድርጋ የምታወድሰው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1081 የካስቲያው ንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ ሲያባርረው የገባው ሙስሊሙ የሳራጎሳ ገዥ ዘንድ ነው። በዓመቱ አልሜናር ላይ ክርስቲያኑን የባርሴሎና መስፍን ማረከ። ‹‹ኤል ሲድ›› የተሰኘው ስሙ ራሱ ‹‹ጌታዬ›› ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው።

በባሕሩ ማዶም እንዲሁ ነበር። የካታላኑ ባላባት ሬቨርተር ሞሮኮ ውስጥ የአልሞራቪዶችን ክርስቲያን ጦር ይመራ ነበር። በኋላ ደግሞ የአራጎን ነገሥታት የበርበር ፈረሰኞችን ቀጠሩ።

ታዲያ ይህ መቻቻል ነው? ኢብን ኻልዱን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሌላ ነገር ያሳያል። የማግሪብ ነገሥታት ፈረንጆቹን የሚፈልጓቸው ሰልፋቸውን ሳይለቁ ስለሚዋጉ ነው፤ የሚያዘምቷቸውም በዓረብና በበርበር ጎሳዎች ላይ ነው። ከክርስቲያን ጋር ለሚደረግ ጦርነት ግን አያሰልፏቸውም፤ ይከዱናል ብለው ይፈራሉ።

ባዕድ ወታደር ለንጉሥ ይመቻል። በአገሩ ዘመድ የለውም፣ ርስት የለውም፣ አጎቱን ለማንገሥ አያሤርም። እንጀራው በንጉሡ እጅ ነው። ጥቅሙም አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል።

አደጋውን የሉቼራ ሙስሊሞች ቀምሰውታል። አፄ ፍሬድሪክ 2ኛ ከሲሲሊ ነቅሎ ደቡብ ኢጣሊያ አሰፈራቸው። ቀስተኞቻቸው በ1237 ኮርቴኑዎቫ ላይ ተዋጉለት። የሮም ጳጳስ ንጉሠ ነገሥቱን ቢያወግዙም ውግዘቱ እነሱን አይነካም ነበር፤ ለዚህም ነው የተፈለጉት። ከእሱ በኋላ የመጣው የአንዡው ቻርልስ 1ኛም በጦራቸው ተጠቀመ። በ1300 ግን ልጁ ቻርልስ 2ኛ ከተማይቱን በተነ፤ አብዛኞቹን ነዋሪዎች ለባርነት ሸጠ፤ ገንዘቡም ለዘውዱ ገባ። በደማቸው ያገለገሉት ቤተ መንግሥት ነው የሸጣቸው።

ስለዚህ አንድ ገዥ የሌላ እምነት ሰዎችን በአጠገቡ ስላሰለፈ ብቻ ‹‹ቻይ ነበር›› ብሎ ማጨብጨብ የዋህነት ነው። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ እነዚያ ሰዎች ገዥው ፊቱን ሲያዞርባቸው የሚከላከልላቸው ሕግ ወይም ጎረቤት ነበራቸው? ሉቼራ ውስጥ አልነበራቸውም።