መሪው ዝም ካለ ሲሙሌተር አትበሉት

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ወሩ ነው። «ጋሼ፣ ማሰልጠኛው ውስጥ በሲሙሌተር የሚያህለኝ አልነበረም። ከሞላሌ ወደ መዘዞ ስመጣ ግን ዝናብ ያረጠበው ኩርባ ላይ መሪው ድንገት ቅልል አለኝ። ጥሩ የያዝኩ መስሎኝ የባሰ ጠመዘዝኩት» አለኝ። እግዜር አተረፈው፤ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። በገደሉ በኩል ቢሆንስ ኖሮ?

ጥፋቱን በልጁ ላይ አታላክኩ። እውነተኛ መኪና ላይ የፊት ጎማ መሬቱን ሲይዝ መሪው እጅህን መልሶ ይገፋሃል። ጎማው መንሸራተት ሲጀምር ያ ግፊት ይቀንሳል፣ መሪው ይቀላል። ቅለቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ብዙ ቦታ «ሲሙሌተር» ተብሎ የተቀመጠው ዕቃ ግን መሪው ውስጥ ያለው ሞተር ሳይሆን ሞላ ነው። ባዞርከው ቁጥር ይከብዳል፤ አስፋልትም ሆነ ጭቃ ለእሱ አንድ ነው። ስለዚህ ልጁ ሳይማር የቀረ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ተቃራኒውን ነው የተማረው!

«ምስሉ እኮ ጥርት ያለ ነው» ትሉኛላችሁ። ምስልማ በሰከንድ 60 ጊዜ ከተቀያየረ ለዓይን ይበቃል። እጅ ግን በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ንዝረት ይለያል። እስቲ እናስላው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ኮምፒውተሩ የጎማውን ጉልበት በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ካሰላ፣ በአንዱና በሚቀጥለው ስሌት መካከል 18 ሴንቲ ሜትር ያመልጠዋል። የኮረት መንገድ ድንጋይ በሙሉ እዚያ መሃል ይጠፋል። 360 ጊዜ ካሰላ ግን ክፍተቱ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። አይሬሲንግ የሚባለው የውድድር ጨዋታ 360 ጊዜ ያሰላል፤ አሴቶ ኮርሳ 333 ጊዜ። ልብ በሉ፣ እነዚህ መዝናኛ ናቸው! ለመዝናኛ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ነገ ሕዝብ ጭኖ ለሚወርድ ሾፌር በሞላ እንጫወታለን?

ሌላው ፍሬን ነው። ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር አካባቢ። መርሐቤቴ የሚሄድም ከለሚ ወደ ጀማ በረሃ ይወርዳል። እዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አሥር ጊዜ ከተረገጠ ይግላል፣ ከጋለ መያዙ ይደክማል። የእኛ «ሲሙሌተር» ላይ ግን መቶኛው ርግጫም እንደ መጀመሪያው ይይዛል። በከባድ ማርሽ መውረድን ታዲያ ልጁ ለምን ብሎ ይልመድ?

ሲሙሌተር አይግባ አላልኩም። ምልክት ለማጥናት፣ መስታወት ማየትን ለመልመድ፣ ፍሪሲዮንና ማርሽን ለማቀናጀት ነዳጅ ሳያቃጥል ያስተምራል። የምቃወመው ስክሪን ፊት የተቀመጡበትን ሰዓት ከቁልቁለት ልምምድ እኩል መቁጠርን ነው።

ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። መሪው ሞተር አለው ወይስ ሞላ? የጎማው ጉልበት በሰከንድ ስንት ጊዜ ይሰላል? ፍሬኑ ይግላል? የሚመልስላችሁ ካጣችሁ ያ ዕቃ ጨዋታ ነው፤ የጨዋታ ዋጋ ክፈሉ።

እናንተ ተማሪዎቼ ደግሞ የድሮ ሾፌሮችን ሕግ አትርሱ፦ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። መሪው ሲቀላችሁ ደግሞ አትደሰቱ፣ ነዳጅ ቀንሱ።

መልካም መንገድ።