ዋናው በቦታው ይኑር፣ ቅጂው ክፍል ይግባ

የትምህርት መርጃ መሣሪያ ጥቅም ሳይነገረን የሚያልፍ ሴሚስተር የለም። ይሁን እንጂ ወደ ልምምድ ማስተማር ስንወጣ በእጃችን ያለው አብዛኛውን ጊዜ ጠመኔና ካርቶን ነው። የአዞ ጥርስ አደራደር በሰሌዳ ላይ ይሣላል፤ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያም እንዲሁ። ተማሪው የሚያየው መስመሩን እንጂ ነገሩን አይደለም። ክብደቱን፣ ስለቱን፣ ሻካራነቱን ከየት ይወቀው?

አንዳንድ ትጉህ መምህር ደግሞ በየማሳው ያገኘውን የጥንት ድንጋይና የሸክላ ስባሪ ለቅሞ ክፍል ያመጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ቅርስ ካረፈበት አፈር ያለ ጥናት ሲነሣ የታሪኩ ግማሽ አብሮ ይጠፋል። ታዲያ ምን ይሻላል? እኛ የምንለው ዋናው በቦታው ይኑር፣ ቅጂው ክፍል ይግባ ነው።

ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ሲታይ የኖረው ግን ቅጂዋ ነው። ወደ ራሳችን አካባቢ ስንመለስ ደግሞ፣ በጋሞ ደጋ ከሚገኘው የሞታ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው አጽም ተቆፍሮ ወጥቷል። ስሙ ባይራ ተባለ፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የባይራ ሙሉ የዘር ውርስ ተነቦ ሲታተም፣ ከአፍሪካ ጥንታዊ አጽም በዚህ ዓይነት የተነበበ የመጀመሪያው ሆነ። ዓለም ስለ ባይራ አነበበ። የዚያው ደጋ ልጅስ ምን ዳሰሰ?

ቅጂ ማውጣት እስቲ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሲሊኮን ጎማ ሲገዛ ሁለት ነገር ነው፤ ዋናው ፈሳሽና ማድረቂያው። ሁለቱ በተሰጠው መጠን ይቀላቀሉና በዕቃው ላይ በቡርሽ በስሱ ይቀባሉ። ጥቃቅኑን ጭረት ሁሉ የሚይዘው ይህ የመጀመሪያው ቅብ ስለሆነ፣ አየር እንዳይቋጥር ተጠንቅቆ መቀባት ያስፈልጋል። ጣት ላይ ለጠፍ ለጠፍ ማለት ሲጀምር ሁለተኛው ይደረባል። ቀጣዮቹ በማወፈሪያ እየወፈሩ፣ ጎማው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሆን ይቀባሉ። ከዚያ በጄሶ የተነከረ ጆንያ ከላይ ይለበጥበታል፤ ጎማው እንዳይጣመም ደግፎ የሚይዘው ይኸው ጠንካራ ልብስ ነው። ሁሉም ሲደርቅ ልብሱ ይነሣል፣ ጎማው እንደ ሙዝ ልጣጭ ይላጣል። መልሶ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ጄሶ ሲፈስበት ቅጂው ይወጣል። ሞልዱ በጄሶ ብቻ ቢሠራ ግን የጎደጎደውና የተጠማዘዘው ቦታ ነክሶ ስለሚይዘው ወይ ሞልዱ ወይ ዕቃው ይሰበራል። አየሩም ሚና አለው። የአርባ ምንጭ ሙቀት ቶሎ ያደርቀዋል፣ በጨንቻ ብርድ ይዘገያል። ስለዚህ እዚህ ቆላ ጥቂት ጥቂት እየቀላቀሉ መሥራት ነው።

ሲሊኮን ውድ ነው፣ ከውጭ የሚገባ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ በቡርሽ ሲቀባ፣ ሣጥን ሙሉ ከማፍሰስ ይልቅ እጅግ ያነሰ ይፈጃል። አንድ ሞልድ ደግሞ ብዙ ቅጂ ይሰጣል። ለቅጠል ወይም ለዘር ፍሬማ ሲሊኮንም አያስፈልግም፤ እርጥብ ሸክላ ላይ ተጭኖ ጄሶ ቢፈስበት ይበቃል።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ቁም ነገር አለ። የጋሞ ሸክላ ሠሪ እናቶች ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ድስትና ጋን ያወጣሉ። የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው እሳት እንደሚችል እነሱ ያውቁታል። የጋሞ ቆዳ ፋቂዎችም በድንጋይ መፋቂያ የመሥራትን ጥበብ እስከ እኛ ዘመን አድርሰዋል፤ ከባሕር ማዶ የመጡ ተመራማሪዎች ከእነሱ እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። በአገራቸው ግን በሙያቸው ሲናቁ ኖረዋል። ተቋማችን እነዚህን ባለሙያዎች ተገቢውን አበል ከፍሎ በአስተማሪነት ቢጋብዝ፣ ሠልጣኙ የእጅ ሥራም ሰው ማክበርም በአንድ ቀን ይማራል። ሥራቸውን በሞልድ አባዝቶ ለገበያ ማውጣት ግን ነውር ነው፤ እንጀራቸውን መንጠቅ ይሆናልና።

ገደቡንም እንወቅ። በጥንት ቅርስ ላይ ቡርሽ አናሳርፍም። ጎማው አጥንትና የሚመጥ ድንጋይ ላይ ዘይት ሊተው፣ ሲላጥም ሊሰብር ይችላል። ያ የሙዚየም ባለሙያ ሥራ ነው። እኛ የምንጀምረው በቫርኒሽ በተቀባ የፍየል መንጋጋና ቆዳ ፋቂው ዛሬ በሚያወጣልን መፋቂያ ነው። በእያንዳንዱ ቅጂ ጀርባ «ቅጂ» የሚል ቃል፣ የተሠራበት ዓመትና የዋናው ቦታ ይጻፍ። ተማሪ ሊታለል አይገባውም።

ውድ አሠልጣኞችና ሠልጣኞች! የሳይንስ፣ የኅብረተሰብ ሳይንስና የእጅ ሥራ ክፍሎች ተቀምጠው ይምከሩበት። ጥቂት ጄሶ፣ ሁለት ቡርሽ፣ አንድ ቆርቆሮ ሲሊኮንና አንድ ጠረጴዛ ለመነሻ ይበቃል። ተመራቂው ወደ ቦንኬም ሆነ ወደ ዲታ ሲመደብ ከዲፕሎማው ጋር ሦስት አራት ቅጂ በካርቶን ይዞ ይውጣ። ያኔ የደጋው ልጅ በሰሌዳ ያየውን በእጁ ይይዘዋል።