ሒሳቡን አውጡልን!

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ሐይቁ አስተያየት የሌለው ሰው አይገኝም። የባጃጅ ሾፌሩ «ዓሣው እኮ አለቀ» ይላል። አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ ጉላሹን የሚጠባበቀው ደግሞ «ኧረ ሞልቷል፣ አጥማጁ ሰንፎ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ስብሰባ የተጠራ እንደሆነ «የሚመለከታቸው አካላት በቅንጅት ሊሠሩ ይገባል» ይባልና ሻይ ቡና ተብሎ ይበተናል። ከሦስቱም አፍ የማይወጣ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ቁጥር ነው። ለመሆኑ ዘንድሮ ከሐይቁ ስንት ቶን ቆሮሶ ቢወጣ ለከርሞ ይተርፈናል? እስቲ ይህን ጥያቄ ነገ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ለአሥር ሰው አቅርቡ። አሥር መልስ ይዛችሁ ካልተመለሳችሁ እኛ ከዚህ ሙያ እንወጣለን።

«ሒሳባዊ ሞዴል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ብዙ ጓደኞቻችን ፊታቸው ይጨማደዳል። 12ኛ ክፍል ላይ ጥለነው የመጣነው ጣጣ ተከትሎን የመጣ ይመስላቸዋል። ግን ልብ በሉ፤ «ሐይቁ አያልቅም» የሚለውም ሰው ሞዴል አለው። «ዘንድሮ ፈቃድ ለ50 ልጆች ብንጨምር ምንም አይል» ብሎ የሚፈርም ኃላፊም ሞዴል አለው። በጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ግምት አስቀምጦ፣ ደምሮ ቀንሶ ነው የፈረመው። ችግሩ ያ ድምር ወረቀት ላይ ስላልወጣ ማንም «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ሊለው አለመቻሉ ነው። ወረቀት ላይ የወጣ ሒሳብ ቢሳሳት ይታረማል። የኃላፊ ሆድ ውስጥ ያለ ሒሳብ ግን ቢሳሳት የሚከፍለው አጥማጁ ነው።

አመሉ የሐዋሳ ብቻ አይደለም። የአገራችን ገበሬ ለስንት ዘመን ነው «በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ» እየተባለ የኖረው? አፈሩ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ወይና ደጋ ይሁን ቆላ፣ ምጣኔው ያው ነበር። የአፈር ካርታ የማዘጋጀቱ አገር አቀፍ ሥራ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ምጣኔ በሙሉ ስህተት ነበር አንልም። አንድ ልብስ ለሁሉ ሰው ተሰፍቶ ነበር፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። ነገሩ ያን ያህል አይከብድም። ገበሬ ዘሩን አይበላም፤ ከምርቱ ይበላል፣ ለዘር የሚሆነውን በጎተራ ያስቀምጣል። የዓሣ ሞዴል የሚባለው ይህንኑ በቁጥር የሚናገር ነው። እንበል አንድ ሐይቅ (የእኛ ሳይሆን ለምሳሌ ያህል የፈጠርነው) ማንም ካልነካው 1000 ቶን ዓሣ ይይዛል። ሐይቁ ሲሞላ ዓሣው ምግብና ቦታ ስለሚሻማ መራባቱ ይቀንሳል፤ በጣም ሲመናመን ደግሞ የሚራባው እናት ዓሣ ያንሳል። የዓመቱ ጭማሪ ትልቅ የሚሆነው መሐል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ቀላል ቀመር ብናሰላው፣ በምሳሌያችን ሐይቅ 500 ቶን ሲቀር በዓመት 150 ቶን ይጨምራል። ያንን 150 እያወጡ ዘላለም መብላት ይቻላል።

አሁን ደግሞ ያው ሐይቅ ማንም ሳያውቅ ወደ 200 ቶን ወርዷል እንበል። ጭማሪው 96 ቶን ብቻ ይሆናል። እኛ ግን «እንደ አምናው» ብለን 150 አወጣን። በዓመቱ መጨረሻ 146 ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት 75 ገደማ ጨምሮ 150 ሲወጣ 71 ይቀራል። በሦስተኛው ዓመት ሐይቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ተጠራርጎ ቢወጣ እንኳ 150 አይሞላም። ሦስት ዓመት! አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ሳይጨርስ ማለት ነው። እዩት እንግዲህ፤ ያው 150 ቶን በአንዱ ሐይቅ በረከት፣ በሌላው እርግማን ሆነ። በዓይን ግምት ይህን የሚለይ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየን።

ወደ ራሳችን ሐይቅ እንምጣ። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 22 ሜትር አካባቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ሲሆን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከ50 ዓመት በፊት ራሱን የቻለ ሐይቅ የነበረው ጨለለቃ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ አቆጣጠር) የሐዋሳ ሐይቅ ሞልቶ የከተማውን ዳርቻ አጥለቅልቋል። መከላከያ ግድቡም የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጎርፉ፣ ቀጥሎ ሒሳቡ! ዓሣው ላይም በዚሁ ቅደም ተከተል ልንሄድ ነው?

ቆሮሶ ደግሞ የዋህ ዓሣ ነው። የሚራባው ዳር ዳሩን ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ሲሆን እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። ከዳር እየተጎተተ የሚወጣ ዓይነ ጠባብ መረብ የሚጠርገው ይህንኑ ቦታ ነው። መራባቱ ከሚጠነክርባቸው ወራት አንዱ ክፍል ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ነው። በዚህ ወቅት ምን ይገባል? ዓቢይ ጾም! በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ ገበያው ግን የዓሣ ፈላጊው ቁጥር እንደሚንር ያውቃል። እናት ዓሣ እንቁላሏን በአፏ በያዘችበት ወር የእኛ አፍ ይከፈትባታል። ይህን ግጭት «በቅንጅት እንሥራ» አይፈታውም። በእነዚያ ሳምንታት ስንት ቢወጣ ይጎዳል፣ ስንት ቢወጣ አይጎዳም ብሎ ማስላት ይጠይቃል።

«ሞዴልም ይሳሳታል» የሚሉን አሉ። ልክ ናቸው። እንዲያውም የከፋውን ምሳሌ እኛው እንንገራችሁ። ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ላይ ኮድ የሚባለው ዓሣ ለ500 ዓመት ያህል ሲጠመድ ኖሯል። የመንግሥት ሳይንቲስቶች በኮምፒውተር እያሰሉ «ይህን ያህል አውጡ» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓሣው ድንገት አለቀና ማጥመድ ታገደ። 30,000 ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ ፈታ። እገዳው እስከ 2024 ድረስ ቆየ። ስህተቱ ምን ነበር? ሒሳቡ ከተመገበው መረጃ አንዱና ዋነኛው ትልልቆቹ መርከቦች በሰዓት የሚይዙት መጠን ነበር። መርከቦቹ ደግሞ መሣሪያቸው ዘመናዊ በመሆኑ የተረፈውን ዓሣ የተሰበሰበበት ድረስ ሄደው ያገኙታል። ስለዚህ ሐይቅም ይሁን ባሕር እየተራቆተ መረባቸው ሙሉ ነበር። በትንሽ ጀልባ ከዳር የሚያጠምዱት ሰዎች ግን ዓሣው እያነሰና እየቀጨጨ መምጣቱን ከዓመታት በፊት ጮኸው ተናግረዋል። ሰሚ አላገኙም።

ከዚህ ታሪክ «ሞዴል አያስፈልግም» የሚል ትምህርት የሚያወጣ ሰው ሚዛኑ ስለዋሸ ገበያ ይቅር እንደሚል ነው። እኛ የምንማረው ሌላ ነው፤ ሞዴል የሚያምረው የሚቆጠረው ሁሉ ሲቆጠርና አጥማጁም ሲደመጥ ነው።

የሐዋሳው ትልቁ ፈተናም እዚህ ላይ ይመጣል። በማኅበር የታቀፉት አጥማጆች በታወቀ ቦታ፣ በጠዋት ዓሣቸውን ያወርዳሉ። ሥራ ያጣው ወጣት ደግሞ ፈቃድ ሳይኖረው በሌሊት ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ስሙ «ሕገወጥ» ነው። ይባረራል፣ መረቡ ይቃጠላል፣ ጉዳዩ ተዘጋ ይባላል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስላለን ሕግ አልጎደለንም። ነገር ግን አንድ እውነት አለ፤ ሒሳብ ፈቃድ አይጠይቅም። በሌሊት የወጣ ቆሮሶም ከሐይቁ ተቀንሷል። ልጁን ባባረርነው ቁጥር ይበልጥ ይደበቃል፣ በተደበቀ ቁጥር የያዘው ዓሣ ከመዝገብ ይጠፋል። ከዚያ በጎደለ መዝገብ ላይ የተሠራ ሞዴል ስለሐይቁ ሊነግረን የሚችለው ምንድነው? ኒውፋውንድላንድን በሐዋሳ መድገም ይህ ነው። ለዚህ ነው እኛ ያንን ልጅ ከማሳደድ በፊት ቁጠሩት የምንለው። መቁጠር ማለት ፈቃድ ማደል አይደለም። የያዘውን ሳይፈራ የሚያስመዝንበት መንገድ መክፈት ነው።

ዕውቀቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የግብርና ኮሌጅ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ እዚሁ ከተማ ነው። ተመራማሪዎቹ ከገበያ የዓሣ ርዝመት እየለኩ የሐይቁን ክምችት አስልተው በመጽሔት አሳትመዋል። በእንግሊዝኛ! አጥማጁ የራሱን ዓሣ ወሬ ሊያነብ በማይችልበት ቋንቋ። ከአሞራ ገደል እስከ ግቢው በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ ዓሣ የሚወርድበት ቦታ ሁሉ፣ የሌሊቱም ጭምር፣ ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ ጥር ከመግባቱ በፊት የዓመቱ ቁጥር በሲዳሙ አፎና በአማርኛ ይነገር። አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን «ዝቅተኛው ይህ፣ ከፍተኛው ይህ» ተብሎ፣ ከእነምክንያቱ። እርግጠኛ ያልሆኑበትን የሚናገሩ ሰዎችን የበለጠ እናምናለን።

ሦስተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ «እንዲህ ብለን ነበር፣ እንዲህ ሆነ» ተብሎ ይገምገም። የተሳሳተው ቀመር ይታረም።

አራተኛ፣ ለመራቢያው ሲባል ሐይቁ ለሳምንታት የሚዘጋ ከሆነ የአጥማጁ ቁርስም በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። የልጆቹን እራት ከቀመሩ ያወጣ ሞዴል ወረቀት ላይ ያምራል፣ ሐይቁ ላይ ግን በአንድ ሌሊት ይጣሳል።

እናንተም ወገኖቻችን፣ ዓሣ ለብለብ አዝዛችሁ የምትስቁት ሁሉ፣ ከሳህናችሁ ላይ ያለው ቆሮሶ ከመዳፋችሁ ያነሰ ሲሆን ዝም አትበሉ፤ «ይሄ ወልዶ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኃላፊዎቻችንም ግምታችሁን ከሆዳችሁ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ተሳስታችሁ ከሆነ እናርማችኋለን፣ ልክ ከሆናችሁ እንከተላችኋለን። የማናይውን ሒሳብ ግን አንፈርምላችሁም።

ጾሙ ሳይገባ መልሱን እንጠብቃለን። ቸር እንሰንብት!