ድመት በጥፍርዋና በጥርስዋ ስለምታደርሰው ጥፋት፤ ስለ መከላከያውም

አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ ዓመልዋን አትረሳ» ብለው ተርተዋል። ይህ ተረት የሚነገረው ስለ ሰው ነው፤ ጠባዬን ለውጫለሁ ብሎ ወደ ቀድሞው ለሚመለስ ሰው መገሠጫ ነው። እኛም በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን ከባለጉዳዮች አፍ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በቤታችን የሆነው ነገር እስኪያስተምረን ድረስ፥ ተረቱ ስለ ድመቲቱ ስለ ራስዋ ምን እንደሚል መርምረን አናውቅም ነበር። «ስለ ድመት መጻፍ ለሹማምንትና ለታላላቆች ጋዜጣ የሚገባ ነውን?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ሌሊቱን በቤቱ ሁከት ያደረ ሰው ጧት በቢሮው የሰውን ጉዳይ በትዕግሥት ለማየት እንደሚቸገር ያስብ።

የምንኖርበት አዳማ፥ ብዙ ዘመን ናዝሬት ሲባል የኖረው ከተማ፥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ፥ ሙቀቱም ነፋሱም የበረታ አገር ነው። የነፋሱን ብርታት ለማወቅ የሚወድ ሰው ከከተማው ውጭ በኮረብታው ላይ የቆሙትን የኤሌክትሪክ ማመንጫ መዘውሮች ይመልከት። ስለ ሙቀቱም በርና መስኮት ተከፍቶ ይዋላል፤ እህልም በየመደብሩ የሚከማችበት የንግድ ስፍራ ስለ ሆነ አይጥ አይጠፋበትም። ከሞጆ ጀምሮ በመቂና በባቱ አልፎ እስከ ሻሸመኔ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ባሉት ከተማዎችም ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ድመት ለብዙ ቤት ዘበኛ ናት እንጂ ጌጥ ብቻ አይደለችም።

ለእኛም ድመት ያስፈለገችን ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። ከወላጅ አባታችን የወረስነው በብራና የተጻፈ ዳዊት አለን፤ ከፊደል ወደ ንባብ የተሻገርነው በእርሱ ነው። አይጥ የብራናውን ጠርዝ መቀርጠፍ በጀመረ ጊዜ ከጎረቤት አንዲት የድመት ግልገል ለምነን አመጣን። በጥቂት ወራት ውስጥ አይጡ ጠፋ፤ ደስታችንም ብዙ ሆነ። ነገር ግን ደስታው ሳይሰነብት ድመቲቱ ራስዋ የዳዊቱን የቆዳ ማኅደር ትቧጥጥ፥ ማንገቻውንም ታኝክ ጀመር። ከዚያም የሶፋውን ክንድ፥ የባለቤታችንንም የስፌት መሶብ ያዘች። አይጥ በብራናው ላይ ካደረሰው ይልቅ ለጠባቂነት ያመጣናት ድመት በማኅደሩ ላይ ያደረሰችው ጥፋት በለጠ።

እኛም ተቆጣን፤ አለንጋ አንሥተን አንድ ጊዜ ሁለት ጊዜ መታናት። ከዚህ የተገኘው ፍሬ እንዲህ ያለ ነው፤ ቀን በፊታችን መቧጠጥዋን ተወች፥ ሌሊት ግን እኛ ስንተኛ እጥፍ አድርጋ ቧጠጠች። እኛንም ባየች ጊዜ ከአልጋ ሥር ትገባ ጀመር። አንድ ቀን የስድስት ዓመት ልጃችን ከአልጋ ሥር ሊያወጣት እጁን ቢሰድድ፥ ፈርታ ክንዱን ቧጠጠችው። የዚያን ለት ማታ በቤታችን ችሎት ተቀመጠ። ባለቤታችን «እንግዲህ በቃ፤ በጆንያ አድርገው ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ ይጣሉልኝ» አለች። ልጁ ግን እጁ ተጠቅልሎ ሳለ «አባባ፥ ያስፈራራኋት እኔ ነኝ፤ እሷ ምን አደረገች?» እያለ አለቀሰ። በሥራ ዘመናችን የብዙ ሰው ቃል ጽፈናል፤ ተበዳዩ ራሱ ለተከሳሹ ጠበቃ ሲሆን ግን ከዚያ በፊት አላየንም። ስለዚህ ፍርዱን ለሌላ ቀን ቀጠርነው።

በማግሥቱ በቀድሞው የምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ፥ ኦቦ እያልን የምናከብራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ልጁን ሊጠይቁ መጡ። ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «አዱሬ» አሉ፤ ድመትን በኦሮምኛ እንዲህ ይሏታልና፤ «አዱሬ ጥፍርዋን ይዛ ተፈጥራለች። ለመሆኑ የምትቧጥጠው ነገር ሰጥታችኋታልን?» ብለው ጠየቁን። እኛም «አልሰጠናትም» አልን። «እንግዲያስ ያልተሰጣትን ራስዋ ፈልጋ ወሰደች» አሉን። ይህ ቃል ከልባችን ገባ፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪም ጠየቅን፥ መጻሕፍትም አነበብን። ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አስቀድሞ ድመት የምትቧጥጠው ለክፋት ወይም ለቂም አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። የቤት ድመት ዘር የመጣው ዛሬም በአገራችን ከሚኖረው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ከሰው ጋር መኖርዋም እጅግ የቆየ ነው፤ በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ግድም በሆነው መቃብር ውስጥ ድመት ከሰው አጠገብ ተቀብራ ተገኝታለች። ይህን ያህል ዘመን ከእኛ ጋር ብትኖርም፥ በዱር ሳለች በዛፍ ግንድ ላይ ታደርገው የነበረውን ዛሬም በሶፋ ክንድ ላይ ታደርገዋለች። ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛው፥ የጥፍርዋ የላይኛው ቅርፊት በየጊዜው ሲያረጅ በመቧጠጥ ትገፍፈዋለች፤ ከበታቹም አዲሱና ስለታሙ ጥፍር ይወጣል። ሁለተኛው፥ ከእንቅልፍ ስትነሣ ጀርባዋንና ትከሻዋን ትዘረጋበታለች። ሦስተኛው፥ በመዳፍዋ ሽታ የሚያወጡ ዕጢዎች ስላሉ፥ በቧጠጠችው ስፍራ የዓይንና የአፍንጫ ምልክት ትተዋለች፤ ይኸውም እንደ ማኅተም ነው።

የማኘክዋ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ግልገሏ 26 የወተት ጥርስ ታበቅላለች፤ ከሦስት ወይም ከአራት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ እስከ ስድስትና ሰባት ወር ድረስ እነዚህ እየወለቁ በ30 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚህ ጊዜ ድዷ ስለሚያሳክካት ያገኘችውን ታኝካለች። ካደገች በኋላ የምታኝክ እንደ ሆነ ግን ሥራ መፍታት፥ ፍርሃት፥ ረኃብ ወይም በሽታ ሊሆን ይችላል። ጨርቅና ቆዳ እያኘከች የምትውጥ ድመት ለሐኪም መታየት አለባት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለው ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በቢሾፍቱ ስለ ሆነ፥ የእኛ አገር ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው።

ረኃብ ስንል አንድ ነገር ልናስታውስ እንወዳለን። በጾም ወራት ከቤታችን ሥጋ ሲጠፋ የድመቲቱም ምግብ አብሮ ይጠፋል፤ ሽሮና እንጀራ ይሰጣታል። ጾም የታዘዘው ለሰው ነው እንጂ ለድመት አይደለም። ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት፤ በሥጋና በዓሣ ውስጥ ያለው ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ለብዙ ጊዜ ቢጐድላት ዓይንዋ ይታወራል፥ ልብዋም ይደክማል። ወተትም ቢሆን ካደጉ ድመቶች ብዙዎቹን ሆዳቸውን ያውካቸዋል። የእኛ ድመት ማንገቻውን አኝካ የጨረሰችው በዐቢይ ጾም መካከል እንደ ነበረ ያሰብነው ኋላ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አጠገብ ለሚኖር ሰው ትንንሽ ዓሣ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም።

እንግዲህ መከላከያው ይህ ነው። አንደኛ፥ የምትቧጥጠው የራስዋ ምሰሶ ይሰጣት። ምሰሶው ተዘርግታ እንድትቆምበት ቁመቱ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ስትስበውም እንዳይወድቅ እግሩ ሰፊና ከባድ ይሁን፤ አንድ ጊዜ የወደቀባት እንደ ሆነ ዳግመኛ አትነካውም። በዙሪያውም የቃጫ ገመድ አጥብቆ መጠምጠም ነው። እኛ በመጀመሪያ አሮጌ ጀንዲ ቈርጠን በምሰሶው ላይ ቸነከርንበት፤ እርስዋም ወደደችው፤ ነገር ግን ቆዳ መቧጠጥ የተፈቀደላት መስሎአት ወደ ማኅደሩ ተመለሰች። ስለዚህ ጀንዲውን ነቅለን ቃጫ ጠመጠምንበት። ለመቧጠጥ የምንሰጣት ነገር ልንጠብቀው ከምንፈልገው ነገር የተለየ እንዲሆን ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፥ ምሰሶው በጓዳ ማእዘን አይደበቅ፤ በምታበላሸው ዕቃ አጠገብ ወይም በምትተኛበት ስፍራ ይቁም። ልማዱን ካጸናች በኋላ ጥቂት በጥቂት ወደምንወደው ስፍራ ማራቅ ይቻላል። የተበላሸውንም ዕቃ በወፍራም አንሶላ መሸፈን፥ ወይም የሚያጣብቅ ፕላስተር መለጠፍ ይጠቅማል፤ ድመት መዳፍዋን የሚይዝ ነገር አትወድምና። ክቡር ዕቃ ግን ከእጅዋ ማራቅ ይሻላል። እኛም ዳዊቱን ከግድግዳው አውርደን መክደኛው በሚገጥም የእንጨት ሣጥን አኖርነው፤ ይህንንም አስቀድመን ብናደርገው ኖሮ ከአይጡም ከድመቲቱም በዳነ ነበር።

ሦስተኛ፥ መምታት ይቅር። ድመት ዱላውን ከጥፋትዋ ጋር አታያይዘውም፤ የምታያይዘው ከመቺው ሰው ጋር ነው። በምሰሶው ላይ ስትቧጥጥ ባገኛችኋት ጊዜ ወዲያው ቍራጭ ሥጋ ስጧት፤ በሶፋው ላይ ስትቧጥጥ ያገኛችኋት እንደ ሆነ በእጃችሁ አጨብጭባችሁ ወደ ምሰሶው ጥሯት። መዳፍዋንም ይዞ በግድ በምሰሶው ላይ ማሸት አይገባም፤ ትጠላዋለችና።

አራተኛ፥ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ የጥፍርዋን ጫፍ መቁረጥ ነው። በጥፍሩ ውስጥ ቀላ ብሎ የሚታየው ክፍል ደምና ሕዋስ ስላለበት እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፥ የሚያሰጋት ነገር ከፊትዋ ይነሣ። የኤሌክትሪክ ገመድ ማኘክ ሊገድላት ይችላል። ክርና ሲባጎ የዋጠች እንደ ሆነ አንጀትዋን ይሰበስበዋል፤ መርፌ ያለበት ክር ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ስለዚህ የስፌት ዕቃ ሁሉ ይከደን። የአዳማ ስም የተገኘው በኦሮምኛ አዳሚ ከሚባለው ከቁልቋል ነው ይባላል፤ የቁልቋል ነጭ ወተት አፍንና ዓይንን ያቃጥላልና በግቢው ያለ ሰው ግልገሏን ይጠብቅ። ማታ ማታም በገመድ ጫፍ ላባ አሥሮ ጥቂት ደቂቃ ቢያጫውታት፥ ኋላም ቢያበላት፥ ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች።

አንዳንድ ሰዎች ጥፍርዋን ፈጽሞ ማስነቀል ይሻላል ሲሉ ሰምተናል። ይህ ጥፍር መቁረጥ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ጣት የመጨረሻ አጥንት ቈርጦ መጣል ነው። ስለዚህ በ1987 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የአውሮፓ አገሮች ስለ ቤት እንስሳት ባደረጉት ስምምነት ተከልክሏል፤ የኒው ዮርክ ግዛትም በ2019 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በሕግ ከልክሎታል። ጥፍር የሌላት ድመት ከውሻ ለማምለጥ ዛፍ ትወጣ ዘንድ እንዴት ይሆንላታል?

ከሁሉ የሚበልጠውን ማስጠንቀቂያ በመጨረሻ እንናገራለን። ድመት ሰውን የነከሰች ወይም የቧጠጠች እንደ ሆነ፥ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ስላለና ድመትንም ስለሚይዝ፥ ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፥ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ በጊዜው የተከተበ ግን ይድናል። እኛም ልጃችንን እንዲሁ አደረግን። ድመቲቱንም አስከተብናት፤ ክትባትዋም በሐኪም ትእዛዝ በጊዜው ይታደሳል።

አሁን ይህን ከጀመርን ዓመት ሊሆነን ነው። ድመቲቱ ፈጽማ ታርማለች አንልም፤ ሰው በማይኖርበት ጊዜ አንዳንድ ቀን የሶፋውን ክንድ እንደ ነካችው ምልክቱ ይነግረናል። ነገር ግን ጧት ከእንቅልፍዋ ስትነሣ በፊት የምትሄደው ወደ ምሰሶዋ ነው። ባለቤታችንም ጆንያውን ለሌላ አገልግሎት አውላዋለች። ከሁሉ የዘገየው የእኛ ጉዳይ ነው፤ ድመቲቱ ድምፃችንን ሰምታ ከአልጋ ሥር መግባትዋን እስክትተው ድረስ ስድስት ወር ፈጅቶብናል። አለንጋው የሠራው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበረ፤ የሚፈርሰው ግን በዚህን ያህል ጊዜ ነው።

የተቧጠጠውን ማኅደር አላሳደስነውም፤ እንዳለ በሣጥኑ ውስጥ ዳዊቱን ይዞ ተቀምጧል። ሣጥኑን በከፈትን ቍጥር የሽማግሌው ጥያቄ ይታሰበናል። ድመት ዓመልዋን እንደማትረሳ አባቶቻችን እውነት ተናግረዋል፤ ስለዚህ ዓመልዋን የምታደርግበት ስፍራ ስጧት፥ ከዚያም በኋላ ፍረዱባት።