ስኳር ድንቹ ከጃፓን ሲመለስ

«ጤፋችንን ሆላንዶች ዘረፉን» የሚለው ጨዋታ በተነሳ ቁጥር እኛም ከሰው እኩል እንጮኻለን። ማኪያቷችንን እየጠጣን፣ ጠረጴዛ እየደበደብን። ከዚያ ሒሳብ ከፍለን እንበተናለን። ዛሬ ግን እስቲ ጩኸቱን ትንሽ እናቆየውና ስለ ስኳር ድንች እናውራ፤ ያውም ስለ ኒውዚላንድ ስኳር ድንች። አትሳቁ! (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ማኦሪ ይባላል። አያት ቅድመ አያቶቻቸው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከሞቃታማዎቹ የፖሊኔዥያ ደሴቶች በታንኳ ሲመጡ ከጫኑት እህል መሃል ስኳር ድንች (እነሱ ኩማራ ይሉታል)፣ ጎደሬ፣ ቦዬና ቅል ነበሩበት። አዎ፣ ያው ወላይታና ከፋ የሚበላው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ስሙን ስንሰማ ፊታችንን የምናዞርበት ጎደሬ።

ችግሩ አዲሱ አገር ብርድ ነው። ኩማራ የቆላ ተክል ነው፤ ውርጭ ከነካው አበቃለት። ታዲያ ምን አደረጉ? ጠጠርና አሸዋ ከሥር እየቆፈሩ አውጥተው ከእርሻው አፈር ጋር ቀላቀሉት፤ አፈሩ እንዲሞቅና ውሃ እንዳይቋጥር። ዋይካቶ በሚባለው አካባቢ አሸዋና ጠጠሩን ያወጡባቸው ጉድጓዶች ዛሬም ይታያሉ። ድንጋይ ደርድረው ማሳ ከፋፈሉ። የለቀሙትን ደግሞ መሬት ቆፍረው ጣራ ባለበሱት ጎተራ ውስጥ እያስቀመጡ ክረምቱን አሻግረው ለዘር አደረሱት። መቼ እንደሚተከል ከዋክብትን አይተው ይወስኑ ነበር። ይኼን «ኋላቀር እርሻ» የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረን። ለእኛ ይኼ ነጭ ካፖርት ያልለበሰ የግብርና ምርምር ነው።

ከዚያ ነጮቹ መጡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ የገባ ትልልቅ ሥር የሚያወጣ ዝርያ ቀስ በቀስ ገበያውን ያዘው፤ ትንንሾቹ የጥንት ዝርያዎች በጥቂት ሽማግሌዎች ጓሮ ቀሩ። ተመራማሪዎች የተረፉትን ሰበሰቡና ስብስቡ በ1960ዎቹ መጨረሻ «ለጥንቃቄ» ተብሎ ወደ ጃፓን ተላከ። ልብ በሉ፤ ማንም አልሰረቀም። በጨዋ ደንብ፣ በሳይንስ ስም፣ የአንድ ሕዝብ ዘር ባሕር ተሻግሮ ተቀመጠ።

በ1988 ዴል ዊሆንጊ የተባሉ የቴ ራራዋ ጎሣ እናት ከሳይንቲስቶች ጋር ጃፓን ድረስ ሄደው ዘሩን ይዘው ተመለሱ። በዚህም አላበቁም። በ1991 ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ሆነው ዋይ 262 የሚባለውን አቤቱታ ለዋይታንጊ ችሎት አስገቡ፤ በአገራቸው ዕፅዋት፣ እንስሳትና ዕውቀት ላይ የሚወሰነው ያለ እኛ አይሁን ብለው። መልሱ መቼ መጣ? በ2011! ሃያ ዓመት። ከስድስቱ አብዛኞቹ ሪፖርቱን ሳያዩ አርፈዋል። ሪፖርቱም ቢሆን ምክረ ሐሳብ እንጂ መንግሥትን የሚያስገድድ አልነበረም። ግን ውሃ ድንጋይ ይበሳል እንዲሉ፣ በ2022 የወጣው የዕፅዋት ዝርያ መብት ሕግ የማኦሪ ኮሚቴ አቋቋመ። በነባር ተክሎችም ሆነ በታንኳ በመጡት በነኩማራ ላይ አንድ ሰው «አዲስ ዝርያ አወጣሁ» ብሎ መብት ሲጠይቅ፣ የጠባቂዎቹን አደራ የሚጎዳ ሆኖ ከተገኘ ኮሚቴው እምቢ ማለት ይችላል።

አደራ ያልነው በዋዛ አይደለም። ማኦሪዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩበት ቃል ካይቲያኪ ነው፤ ጠባቂ፣ ባለአደራ እንደማለት። «ኩማራ ራሱ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ የምን የእኛ ነው?» ለሚል ብልጥም መልሱ እዚሁ ላይ ነው። ክርክራቸው መጀመሪያ ከማን ማኅፀን ወጣ የሚል ሳይሆን በውርጭ መሃል ማን አሳደገው የሚል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። በ2005 የጤፍ ዘር ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ በስምምነት ተሰጠ። በ2007 በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ተመዘገበ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቀጠለ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ሆላንድ ውስጥ ፓተንቱን ውድቅ ሲያደርገው እኛ ጨፈርን፤ አሸነፍን አልን። ማን አሸነፈ? ተከራካሪዎቹ ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ሁለት ነጋዴዎች በገንዘብ ተጣሉ፣ እኛ በረንዳ ላይ ቆመን አጨበጨብን።

«ዘሩ ጂን ባንክ አለ አይደል?» የሚሉ ወዳጆች አሉን። አለ፤ ከ1976 ጀምሮ፣ ደግሞም የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በፍሪጅ ያለ ዘር እንዴት እንደሚዘራ፣ በየትኛው አፈር፣ ለየትኛው እንጀራ እንደሚሆን አያወራም። «ገበሬው ይራባል፣ እናንተ ቅርስ ትላላችሁ» የሚሉም አሉ። እነዚህን እናከብራቸዋለን፤ ምርታማ ዝርያ ይስፋፋ። ግን የማኦሪዎቹ ትልቁ ኩማራ ገበያውን ሲይዝ ትንሹን ማጥፋት ግድ አልነበረም። የጠፋው የሚያስብለት ስላጣ ነው።

ወጣት ነን ምን እናድርግ የሚል ካለ ደግሞ ኢሁማታኦን ይመልከት። ኦክላንድ ጥግ ያለ የጥንት እርሻ ቦታ ነው፤ በ1863 ከማኦሪዎች ተነጠቀ፣ በ2016 ቤት ሊሠራበት ለገንቢ ተሸጠ። የመንደሩ ወጣቶች እዚያው ሰፈሩ። በ2019 ፖሊስ ሊያስነሳቸው ሲመጣ ሺዎች ተቀላቀሏቸው። በ2020 መጨረሻ መንግሥት መሬቱን በ29.9 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ገዛው።

እኛስ? ይኼን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የጤፍ ዓይነት እንቁጠር ተባባልን። ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ። ከዚያ ዝም። ወፍጮ ቤት ያሉትን እማማ ስንጠይቅ «ቡኒኝ አለ አይደል? ቶሎ የሚደርሰው፣ ዝናብ ሲያጥር የሚዘሩት» አሉን። አሁንም ይዘራል ወይ አልናቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጆቼ፣ ከአገሬ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ!»