የገበያተኛው ደም

ሰኔ 15 ቀን 1980 ረቡዕ ለገበያ ከወጣው የሐውዜን ሕዝብ በመቶዎች የሚቆጠረው በደርግ አውሮፕላኖች ተደብድቦ አለቀ። ልክ በ33ኛ ዓመቱ፣ ሰኔ 15 ቀን 2013፣ ከመቀሌ በስተምዕራብ ባለችው ቶጎጋ ገበያ ላይ ቦምብ ወደቀ፤ ከ60 በላይ ሰው እንደሞተ የጤና ሠራተኞች ተናገሩ። መከላከያ ግን የመታሁት የሲቪል ልብስ የለበሱ ታጣቂዎችን ነው አለ። ስለ ሐውዜንም «ሕዝቡን ለቦምብ ያጋለጠው ወያኔ ራሱ ነው» የሚሉ ዛሬም አሉ።

እሺ፣ ነው እንበል። ቦምቡን የጣለው እጅ በዚህ ነጻ ይወጣል? በሸሪዓችን በስህተት የገደለ እንኳ፣ ቤተሰቡ ይቅር ካላለው በቀር፣ የደም ካሳ (ዲያ) አለበት። በዚያ ላይ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። «ተሳስቼ ነው» ማለት የነገሩ መጀመሪያ እንጂ መዝጊያው አይደለም፤ «ታጣቂ መስለውኝ ነው» ማለትማ!

ይህን መርሳና ወልዲያ ላይ ስናገር «እነሱስ በ2013 ማብቂያ ገብተው ምን አደረጉን?» የሚለኝ አይጠፋም። ያደረሱትን የሐብሩ ሰው አይረሳም፤ ይጠየቁበት። ነገር ግን ቅቤዋን ልትሸጥ ቶጎጋ የወጣች እናት ሐብሩ አልደረሰችም።

ነሐሴ 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ በድሮን ሳይሆን አይቀርም በተባለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰው ሞተ ሲባል፣ ያው ሰው «ማነው ያዘዘው?» ብሎ ጮኸ። ደግ አደረገ። ለቶጎጋስ ምላሱን ማን ያዘው?