ደሴት በችርቻሮ

ከአሜሪካን አገር የሚደውል ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ወሬ ሳይሰማ አልቀረም። «ዘንድሮ ክሩዝ ወጣን፤ አራት አገር አየን» ይላሉ። አራት አገር በሰባት ቀን! ቀጥሎ ፎቶግራፉ ይመጣል፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ባለ ጥላ ወንበር፣ ከጀርባ ደግሞ ባለ አሥራ አምስት ፎቅ ሕንፃ የሚያህል መርከብ። «ይሄ የቱ ነው?» ብትሏቸው ባልና ሚስት ይተያያሉ። «ኮዙሜል መሰለኝ»፣ «ኧረ ባሃማስ ነው» ይባባላሉ። ቢምታታባቸው አይፈረድባቸውም። የተሸጠላቸው ወንበር እንጂ አገር አይደለምና።

በመርከብ መዝናናት ኃጢአት ነው ልል አልተነሣሁም። ዓመቱን ሙሉ በሁለት ሥራ ሲባትል የከረመ ሰው ለአንድ ሳምንት ሌላ ሰው አብስሎ ቢያቀርብለት፣ ሌላ ሰው አልጋውን ቢያነጥፍለት ማን ጤነኛ ይቃወማል? የእኔ ጠብ ከአንዲት ቀን ጋር ነው። መርከቡ ደሴት ዘንድ ከሚቆምባት፣ «የባሕር ዳርቻና የስኖርክል ሽርሽር» ተብላ ከነምሳዋ ከምትቸረቸረው ቀን ጋር። ያቺ ቀን በማን እንደምትታቀድ፣ ገንዘቧም ወዴት እንደሚፈስ ላስተዋለ ሰው ነገሩ የመዝናናት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እስቲ ኮዙሜልን እንውሰድ። ከሜክሲኮ የዩካታን ባሕረ ገብ መሬት ፊት ለፊት የተቀመጠች፣ ርዝመቷ 48፣ ስፋቷ 16 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ደሴት ናት። በ2020 ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ነዋሪዋ 90 ሺህ አይሞላም ነበር። በ2019 በመርከብ መጥቶ የረገጣት እንግዳ ግን ከ4 ሚሊዮን ይበልጣል። ለአንድ ነዋሪ ከአርባ በላይ እንግዳ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ሠርግ እንኳ እንዲህ ያለ እድምተኛ አይታይም።

ይህች ደሴት ለዋናተኛ ተብላ ትናንት የተፈጠረች አይደለችም። ስፔናዊው ኮርቴስ በ1519 ከመድረሱ በፊት የማያ ሕዝብ መሳለሚያ ነበረች። እናቶች እሽቼል የተባለችውን የወሊድ አምላክ ለመማጸን በታንኳ ባሕር እያቋረጡ ይመጡባት ነበር። የመቅደሶቹ ፍርስራሽ ሳን ኸርቫሲዮ በሚባለው ስፍራ፣ በደሴቲቱ መካከል ጫካ ውስጥ ዛሬም ቆሟል። ስፔናውያኑ በመጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀው። ኮዙሜል በመርከብ የሚመጣ እንግዳን የምታውቀው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

እንግዳው የሚጎርፈው ግን ለመቅደሱ ሳይሆን ለኮራሉ ነው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ከባሕሩ ኖራ እየለቀሙ ቤታቸውን የሚገነቡ እልፍ ጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው። ትልልቆቹ ዓይነቶች በዓመት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፉም። እንግዲህ ዋናተኛው ሲደክመው እግሩን የሚያሳርፍበት ጉብታ ዕድሜው ከቅድመ አያቱ ሊበልጥ ይችላል። በ2014 ማያሚ አጠገብ አንድ የኮራል በሽታ ታየ፤ ሥጋውን በሳምንታት ውስጥ ገፎ ነጭ አጽም የሚያስቀር በሽታ ነው። በ2018 የሜክሲኮ ካሪቢያን ደረሰ። በ2019 ኦክቶበር የፓርኩ አስተዳደር ፓላንካር፣ ኮሎምቢያና ኤል ሲዬሎ የሚባሉትን ዝነኛ ስፍራዎች ለተወሰነ ጊዜ ለጎብኚ ዘጋ። ልብ በሉ፤ ኮዙሜልን ኮዙሜል ያሰኟት እነዚህ ናቸው። በሽታውን መርከብ አመጣው አልልም፤ የታመመ ሰው ቤት ግን አርባ እንግዳ ይዞ አይገባም።

አሁን ወደ ዕቅዱ። መርከቡ ገና በባሕር ላይ ሳለ ሽርሽሩ በጠረጴዛ ይሸጣል። ጀልባው የመርከቡ አይደለም፤ የኮዙሜል ሰው ነው የሚነዳው። መርከቡ ግን ሻጭ ሆኖ በመካከል ገብቶ ድርሻውን ያነሣል። እንግዳው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው ደሴቲቱን ሳይሆን በወደቡ በር ላይ የተገተረውን የገበያ አዳራሽ ነው። አልማዝ፣ ሰዓት፣ ሽቶ፤ በቀደመው ወደብ ያየው፣ በሚቀጥለውም የሚያየው ዕቃ። ከዚያ ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ጀልባ ይታጨቃል፣ በፊሽካ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ በፊሽካ ይወጣል። ኤል ሲዬሎ ሲደርስ ኮከብ ዓሣ ከውሃ አውጥቶ ፎቶ መነሣት ያምረዋል፤ ያ ፍጡር ደግሞ የሚተነፍሰው በውሃው ውስጥ ነው። የፎቶው ፈገግታ ለእርሱ ጣር ነው ማለት ነው። ከዚያ መጠጥ፣ ዘፈን፣ ወደ መርከብ።

«ግን በራሴ ብወጣ መርከቡ ጥሎኝ ይሄዳል» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። እውነት አለው። የመርከቡን ሽርሽር የገዛ ቢዘገይ ይጠበቃል፤ በራሱ የወጣ ቢዘገይ ወደቡ ላይ ቆሞ የመርከቡን ጭስ ያያል። ታዲያ ኩባንያው የሚሸጠው ጉብኝት ነው ወይስ ፍርሃት? መድኃኒቱ ደግሞ አንድ የእጅ ሰዓት ነው። ኮዙሜል ያለችበት የኪንታና ሮ ክፍለ ግዛት ከ2015 ወዲህ ሰዓቱን በክረምትና በበጋ አይቀያይርም። ስለዚህ ከማያሚ የመጣ መርከብ የማያሚን ሰዓት ይዞ ከቀጠለ በበጋው ወራት ከደሴቲቱ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ሰው በዚህች አንድ ሰዓት ሊቀር ይችላል። አንድ ሰዓት ሲባል ሰባት፣ ስድስት ሲባል አሥራ ሁለት እያለ በሁለት አቆጣጠር ያደገ የእኛ ሰው ይህን ይፈራል ቢባል ማን ያምናል?

ኩባንያዎቹ ግን ከዚህም አልፈዋል። እንግዳው ከደሴት ሰው ጋር የሚገናኝባትን ያቺን ቀጭን በር ጨርሶ የሚዘጉበት ብልሃት አግኝተዋል፤ የራሳቸው ደሴት። የኖርዌጂያን ኩባንያ በ1977 ባሃማስ ውስጥ ግሬት ስቲረፕ ኬይን ገዛ። በ1996 ሆላንድ አሜሪካ ሊትል ሳን ሳልቫዶርን በ6 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ስሙን ለወጠው። ሮያል ካሪቢያን ሊትል ስቲረፕ ኬይን «ኮኮኬይ» አለው። ሰው የሌለበት ደሴት፣ አስተናጋጁ የኩባንያ፣ ቢራው የኩባንያ፣ ወንበሩ የኩባንያ። ዘመዶቻችን «ባሃማስ ሄድን» ሲሉ አንድም የባሃማስ መንደር ሳያዩ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ምን ይሄ ብቻ! ሮያል ካሪቢያን በሰሜን ሄይቲ ላባዲ የሚባል የባሕር ዳርቻ ተከራይቶ አጥሮታል። በ2010 ጃንዋሪ 12 ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ያለቀበት የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ በሦስተኛው ቀን የኩባንያው መርከብ እዚያው ላባዲ ላይ ቆሞ እንግዶቹን ለዋና አወረደ። ሐቁን ላለማጉደል፣ መርከቡ የእርዳታ እህል ይዞ ነበር፤ ኩባንያውም ከዚያ የሚያገኘውን ለእርዳታ እሰጣለሁ ብሏል። ከእንግዶቹም አንዳንዱ ከመርከብ አልወርድም ማለቱ በጊዜው ተዘግቧል። እኔ የማከብረው እነዚያን ያልወረዱትን ነው። በ2024 እና በ2025 ግን በሄይቲ ሁከት ሳቢያ ኩባንያው ራሱ ወደዚያ መሄዱን ደጋግሞ አቋርጧል። የሄይቲ ሰው ሐዘን ያላስቆመውን መርከብ ለራሱ እንግዶች ያለው ሥጋት አስቆመው።

«የደሴቲቱ ሰው እኮ እንጀራው መርከቡ ነው» የሚለውን ክርክር አልንቀውም። በ2020 ማርች መርከቦቹ ሁሉ ሲቆሙ የኮዙሜል ጀልባ ነጂ፣ ባለ ታክሲና አስተናጋጅ ከዓመት በላይ ያለ መርከብ እንግዳ ቆየ፤ መርከብ ተመልሶ የቆመው በ2021 ጁን ነው። ይህ ግን የእኔን እንጂ የእነርሱን ክርክር አያስረዳም። እንጀራው በአንድ ሰው ምጣድ ላይ ብቻ የተጋገረ ቤት ባለ ምጣዱ ሲቆጣ ጾሙን ያድራል። ባለ ምጣዱ ደግሞ ሲቆጣ አይተናል። በ2024 ዲሴምበር የሜክሲኮ ምክር ቤት ከእያንዳንዱ የመርከብ እንግዳ 42 ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ኩባንያዎቹ ጮኹ፤ ወደ ሌላ ወደብ እንዞራለን ሲሉም አስፈራሩ። ክፍያው እስከ 2025 ጁላይ ተገፋና ወደ 5 ዶላር ወረደ፤ በ2028 ብቻ 21 ዶላር እንዲደርስ ተስማሙ። ከ42ቱ ዶላር ትልቁ ድርሻ ለጦር ሠራዊቱ እንዲሆን መታሰቡ እኔንም አላስደሰተኝም። ቢሆንም በመርከቡ ቡና ቤት አንድ ብርጭቆ ኮክቴል ከአምስት ዶላር በላይ እንደሚያወጣ የማያውቅ የለም። ሮያል ካሪቢያን ጽሕፈት ቤቱ ማያሚ ነው፤ ኩባንያው የተመዘገበው ግን ላይቤሪያ ነው። አዎን፣ የእኛዋ የአፍሪካዋ ላይቤሪያ! ግብር ሲመጣ አፍሪካዊ፣ ቢሮ ሲታይ አሜሪካዊ። ስለ ባሕሩም ፍቅራቸው ቢነሣ፣ ፕሪንሰስ የተባለው ኩባንያ ዘይት ያለበት ቆሻሻ በድብቅ ቧንቧ ወደ ባሕር መድፋቱን አምኖ በ2016 የ40 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተቀብሏል።

እምቢ ማለት ይቻላል ወይ? ኪ ዌስት የተባለችው የፍሎሪዳ ደሴት በ2020 በሕዝብ ድምፅ ግዙፍ መርከቦች እንዳይገቡባት ወሰነች፤ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በ2021 ውሳኔውን ሻረባት። የኬይማን ደሴቶች ሕዝብ ደግሞ በ2025 አፕሪል የመርከብ መቆሚያ ይሠራ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው አይሠራ አለ። መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ እንግዳው በትንሽ ጀልባ ይመጣል። ሰማዩ አልወደቀባቸውም።

ትኬቱን የቆረጠ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ከመርከብ ይውረድ። በወደቡ የገበያ አዳራሽ ሳይቆም ቀጥ ብሎ ይለፍ። ፑንታ ላንጎስታ ላይ ከቆመ ሳን ሚጌል ከተማ እግሩ ሥር ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ መቆሚያዎች ከከተማው ወደ ደቡብ ስለሆኑ ታክሲ ይዞ፣ ከመሣፈሩ በፊት ዋጋ ይቁረጥ። ጀልባ ሲከራይ ጥቂት ሰው የሚይዘውን ይምረጥ። ለዚህ ምክንያቱ ድሎት አይደለም። በኮዙሜል የውሃው ፍሰት ብዙ ጊዜ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይነዳል፤ ዋናተኛው ተንሳፍፎ ውሃው ይወስደዋል፣ ጀልባው ደግሞ እየተከተለ ከታች ይቀበለዋል። የሽርሽሩ ደኅንነት በሙሉ የተንጠለጠለው በነጂው ዓይን ላይ ነው። ስድስት ራስ የሚጠብቅ ዓይንና ስድሳ ራስ የሚጠብቅ ዓይን እኩል አይደሉም። የፓርኩ መግቢያ መከፈሉንና የሕይወት ጃኬት መኖሩን ይጠይቅ፤ ዋና የማይችል ወይም ልቡን የሚያመው ሰው አላፍርም ብሎ ይናገር። መነጽሩን ያለ ማሰሪያው ፊቱ ላይ አድርጎ በአፍንጫው ይሳብ፤ ካልወደቀ ልኩ ነው። በቱቦው መተንፈስን ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት ደረቱ በሚደርስ ውሃ ይለማመድ። በመርከቡ ሱቅ የሚሸጠውን የፀሐይ ቅባት ተለቅልቆ ከመግባት እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ ይልበስ። ሃዋይ ኮራል የሚጎዱ ሁለት የቅባት ኬሚካሎችን ከ2021 ጀምሮ እንዳይሸጡ በሕግ ያገደችው በከንቱ አይደለም። ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ለማየት ይሂድ፤ ማዕበሉ ወደ ውስጥ ስለሚጎትት ዋናውን ይተወው።

ለጀልባው ነጂ ሂሳቡንና ጉርሻውን በፔሶ፣ በእጁ ይስጠው፤ ስሙንም ይጠይቀው። ከዚያ በመርከቡ ሰዓት መነሻው ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ከባሕሩ ዳር ሦስት መንገድ ያህል ወደ ውስጥ ይግባና ዋጋው በዶላር ያልተጻፈበት ምግብ ቤት ፈልጎ ምሳውን ይብላ።